አንድ ጨዋታ፣ ሁለት የፖከር መመዝገቢያ ፕሮግራሞች፣ ሁለት “የሚጠበቅ ዋጋ”፦ ልዩነቱ ከየት መጣ?

የለገጣፎ አመሻሽ (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:40)

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ምሽት እንቅልፍ የነሳኝን ነገር ላቅርብ። ስምንት ጓደኛሞች ነን፤ ከመስከረም 1 ጀምሮ በየሳምንቱ መጨረሻ በስልክ መተግበሪያ ቴክሳስ ሆልደም ፖከር እንጫወታለን (ለእያንዳንዱ ሁለት ካርታ ይታደላል፣ አምስት ደግሞ ለሁሉም ጠረጴዛው ላይ ይገለጣል)። ገንዘብ የለበትም፤ በቺፕ ብቻ ነው። መተግበሪያው መሃል ላይ ከተጠራቀመው ክምር 5 በመቶ፣ ቢበዛ 30 ቺፕ፣ ለቤቱ ይቆርጣል፤ እያንዳንዱን ዙርም በጽሑፍ ፋይል ያስቀምጣል። እኔ ፋይሎቹን ወደ ኮምፒውተሬ እየገለበጥኩ በሁለት የመመዝገቢያ ፕሮግራሞች ውስጥ አስገባኋቸው።

ሁለቱም ፕሮግራሞች ሁለት መስመር ይስላሉ። አንዱ በእውነት ያገኘሁት ነው። ሌላው የሚጠበቀው ነው፤ ማለትም የመጨረሻው ካርታ ከመገለጡ በፊት ተጫዋቾች ያላቸውን ሁሉ አስገብተው ካርታቸው ከታየ፣ ፕሮግራሙ ዕጣው ለማን እንደወጣ ይተውና በዚያች ቅጽበት የነበረኝን የማሸነፍ ድርሻ በክምሩ አባዝቶ ያስገባሁትን ይቀንሳል።

አንደኛው ፕሮግራም የሚለው፦ 11,423 ዙር፣ በእውነት ያገኘሁት 1,310፣ የሚጠበቀው 4,412።
ሁለተኛው የሚለው፦ 11,386 ዙር፣ በእውነት ያገኘሁት 1,022፣ የሚጠበቀው 1,940።

አንደኛውን ካመንኩ ዕድል 3,102 ቺፕ ነጥቃኛለች። ሁለተኛውን ካመንኩ 918 ብቻ። ጨዋታው አንድ፣ ተጫዋቹ አንድ፣ ፋይሉ አንድ ነው። የትኛውን ልመን?

ሱሉልታ ነፋስ (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:05)

ወንድሜ፣ ሕመምህ ሕመሜ ነው። በእኔ ሠንጠረዥ ላይ የሚጠበቀው መስመር አንድ ዓመት ሙሉ ከእውነተኛው በላይ እንደ እንጦጦ ተገትሮ ነበር። አንድ ወር እንኳን ዝቅ ብሎ አያውቅም። ዕድል አንድ ዓመት ሙሉ ወደ አንድ ወገን ብቻ አትነፍስም። ጠረጴዛውን የሚያስተዳድረው የልጅነት ጓደኛዬ ነበር፤ ካርታውን በሆነ መንገድ ይነካካዋል ብዬ ጠርጥሬው መጫወት ከተውኩ ሰባት ወር ሆነኝ። አንተም መተግበሪያውን መርምር።

አቃቂ ዳር (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4:12)

ልጆች፣ ቀስ በሉ። እኔ ፖከር የተማርኩት ከጡረታ በኋላ ከልጄ ነው፤ ሒሳብ ማስታረቅ ግን 30 ዓመት የኖርኩበት ሥራ ነው። የፋብሪካው መዝገብና የባንኩ መግለጫ ካልተገናኙ ሌላ ሥራ አንጀምርም ነበር።

የለገጣፎው ልጅ፣ ስለሚጠበቀው ዋጋ ከመከራከርህ በፊት ሌሎቹን ሁለት ቁጥሮች ተመልከት። በእውነት ያገኘኸው በአንዱ 1,310፣ በሌላው 1,022 ነው። ይህ ግምት አይደለም፤ መደመርና መቀነስ ብቻ ነው። ሁለት ሐቀኛ መዝገቦች በዚህ ላይ ሊለያዩ የሚችሉት የተለያየ ዙር ይዘው ከሆነ ነው። ዞሮ ዞሮ ሁለተኛው 37 ዙር ጎድሎታል። የጎደሉትን ሳታገኝ አንድ እርምጃ አትሂድ። ቀናቸውንና ሰዓታቸውን አውጣ።

የለገጣፎ አመሻሽ (እሑድ፣ ከረፋዱ 4:30)

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አገኘኋቸው። 37ቱም በአንድ ሌሊት የተጫወትናቸው ናቸው፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ችቦ አብርተን ከገባን በኋላ፣ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ። ሁለተኛው ፕሮግራም ሰዓቱን የሚያነበው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ እኛ ደግሞ በ3 ሰዓት እንቀድመዋለን። እኛ መስከረም 1 ገብተን ሳለ ለእሱ ገና ጳጉሜን ነበር። “ከመስከረም 1 ጀምሮ” ብዬ ሳጣራ 37ቱን ዙር አውጥቶ ጣላቸው።

ሰዓቱን አስተካከልኩ። አሁን ሁለቱም 11,423 ዙር፣ ሁለቱም በእውነት 1,310 ይላሉ። የሁለተኛው የሚጠበቅ ዋጋ ግን ወደ 2,260 ብቻ ነው ከፍ ያለው። አንደኛው በ4,412 እንደቆመ ነው። ስለዚህ 2,152 ቺፕ አሁንም አልታረቀም።

መምህርት ከሰበታ (እሑድ፣ ከቀኑ 8:15)

አሁን ወደ ቁም ነገሩ መግባት ይቻላል። የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ይህ ጥያቄ በጣም የምወደው ነው፤ ምክንያቱም የዕድል ስሌት ራሱ የተወለደው ከእሱ ነው። በ1654 ፓስካልና ፌርማ የተጻጻፉት ስለዚሁ ነበር፦ ሁለት ሰዎች ጨዋታቸው ሳያልቅ ቢቋረጥ መሃል ያለው ገንዘብ እንዴት ይከፈል? መልሳቸው እያንዳንዱ ጨዋታው ቢቀጥል ባለው የማሸነፍ ዕድል ልክ ይውሰድ የሚል ነው። የእርስዎ ፕሮግራሞችም የሚሠሩት ይህንኑ ነው፤ ጨዋታውን ሁሉም ቺፕ በገባበት ቅጽበት ያቋርጡታል።

በድምር ላይ አንከራከር። ሁለቱም ፕሮግራሞች የቆጠሩትን አንድ ዙር ብቻ ይስጡኝ፤ ካርታውን፣ የገባውን ቺፕ፣ ሁለቱ ያወጡትን ቁጥር።

የለገጣፎ አመሻሽ (እሑድ፣ ከቀኑ 9:02)

እሺ መምህርት። እኔ ሁለት አስ ነበረኝ፣ ሁለቱም የልብ ምልክት የሌላቸው። ተጋጣሚዬ የልብ ንግሥትና የልብ ጃክ። ጠረጴዛው ላይ አራት ካርታ ተገልጧል፦ የልብ ንጉሥ፣ የልብ 7፣ እንዲሁም ልብ ያልሆኑ 2 እና 4። በዚህ ጊዜ ሁለታችንም ያለንን ሁሉ አስገባን። እኔ 260፣ እሱ 260፤ ሦስተኛው ሰው 80 አስገብቶ ካርታውን ጥሎ ወጥቷል። ሲጥል ለሁላችንም አሳየን፦ የልብ 9 እና የልብ 8። ክምሩ 600 ሆነ። አምስተኛው ካርታ ልብ ወጣና ተሸነፍኩ።

አንደኛው ፕሮግራም የሚጠበቀው 217.27 ነበር ይላል። ሁለተኛው 215.00። እዚህ ላይ ሊገናኙ ምንም አልቀራቸውም፤ ለዚህም ነው ግራ የገባኝ።

መምህርት ከሰበታ (እሑድ፣ ከቀኑ 10:48)

መቀራረባቸው አያታልልዎ። በእጅ ላስላው።

52 ካርታ አለ። የእርስዎ 2፣ የተጋጣሚዎ 2፣ ጠረጴዛው ላይ 4። ቀሪው 44 ነው። ከ13ቱ ልብ 4ቱ ታይተዋል፤ 9 ይቀራል። ከዘጠኙ አንዱ ከወጣ ተጋጣሚዎ አምስት ልብ ይሞላል፤ የልብ አስ እንኳን ቢወጣ እርስዎን አያድንም። ስለዚህ የእርስዎ ድርሻ 35/44 ነው። ከ600 ላይ 477.27 ይሆናል፤ ያስገቡት 260 ሲቀነስ 217.27። አንደኛው ፕሮግራም ያደረገው ይህን ነው።

ሁለተኛው ሁለት ነገሮችን በሌላ መንገድ አድርጓል። ከክምሩ ላይ የቤቱን ተቆራጭ 30 ቺፕ አስቀድሞ አውጥቶ በ570 ነው ያባዛው። የተጣሉትንና የታዩትን ሁለት ልቦችም ከቀሪው ካርታ አስወጥቷቸዋል፦ ቀሪው 42፣ የቀረው ልብ 7፣ የእርስዎ ድርሻ 35/42። 570 በ35/42 ሲባዛ 475፤ 260 ሲቀነስ 215።

ተቆራጩ የሁለተኛውን ቁጥር በ23.86 ዝቅ አደረገው፣ የታዩት ካርታዎች በ21.59 ከፍ አደረጉት፤ ልዩነታቸው 2.27 ሆኖ ተደበቀ። ሁለቱን ቁጥሮች ብቻ የሚያይ ሰው “ሊስማሙ ደርሰዋል” ይላል፤ በስሌቱ ግን አንዲት መስመር ላይ እንኳን አልተስማሙም።

ከሁሉ በላይ ላሳስባችሁ የምፈልገው የተቆራጩን ነገር ነው። በእውነት ያገኛችሁት ቁጥር ሁልጊዜ ተቆራጩ ከወጣ በኋላ ያለው ነው፤ ቤቱ ድርሻውን ወስዷልና። የሚጠበቀው መስመር ግን ተቆራጭ ባልነካው ክምር ከተሰላ፣ ሁለቱ መስመሮች የሚለኩት በተለያየ ቁና ነው። በየዙሩ የሚጠበቀው በትንሹ ከፍ ይላል። ሲያሸንፉም ሲሸነፉም፣ ከዙር እስከ ዙር፣ ሁልጊዜ ወደ ላይ። ዕድል ግን አንዴ ይሰጣል፣ አንዴ ይነሣል። አንድ ጊዜ እንኳን አቅጣጫውን ሳይቀይር የሚሰፋ ልዩነት ካያችሁ መጀመሪያ አሠራሩን መርምሩ።

ሱሉልታ ነፋስ፣ ይህን ለእርስዎም ጭምር ነው የምጽፈው።

ሱሉልታ ነፋስ (እሑድ፣ ከምሽቱ 1:20)

መምህርት፣ አነበብኩት። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የእኔ ፕሮግራም ከየትኛው ክምር እንደሚያሰላ አላውቅም ነበር፤ ለመጠየቅም አላሰብኩም። ነገ አየዋለሁ።

ኮዬ ፈጬ ብሎክ 12 (እሑድ፣ ከምሽቱ 3:33)

የፕሮግራም ጸሐፊ ነኝ፤ ከዚህ በፊት ለራሴ ትንሽ መመዝገቢያ ሠርቻለሁ። መምህርት ካነሡት ሌላ ሰው የሚስተው አንድ ቦታ አለ፤ የጎን ክምር።

እንበል ሦስት ሰዎች ካርታ ሳይገለጥ ያላቸውን ሁሉ አስገቡ። አንዱ 100 ቺፕ ብቻ አለው፤ አንተና ሌላው 300፣ 300። ዋናው ክምር 300 ነው፤ ሦስታችሁም ትወዳደሩበታላችሁ። የጎኑ ክምር 400 ነው፤ ሁለታችሁ ብቻ። ሁለቱንም የማሸነፍ ዕድልህ 50 በመቶ፣ ሁለተኛውን ባለ 300 ብቻ የማሸነፍ ዕድልህ 60 በመቶ ቢሆን፣ ትክክለኛው ስሌት ከዋናው 150፣ ከጎኑ 240፣ ሲደመር 390፣ ያስገባኸው 300 ሲቀነስ 90 ነው። ሰነፍ ፕሮግራም ግን ጠቅላላውን 700 በ50 በመቶ ያባዛና 50 ብቻ ይሰጥሃል። 40 ቺፕ በአንድ ዙር ጠፋ። የሚጠበቁ ዋጋዎች እየተነጠሉ ተሰልተው ሊደመሩ ይችላሉ፤ ተጨፍልቀው በአንድ ድርሻ መባዛት ግን አይችሉም።

ሌላው የቆጠራ ነገር ነው። አምስተኛው ካርታ ብቻ ሲቀር የሚቆጠረው 44 ነው። ሦስቱ ተገልጠው ሁለት ሲቀሩ 990 ነው። ምንም ሳይገለጥ ሁለት ሰዎች ካስገቡ ግን 1,712,304 አማራጭ አለ። አንዳንድ ፕሮግራም ይህን ሁሉ ከመቁጠር በዘፈቀደ ጥቂት ሺህ ጊዜ ዕጣ ያወጣና አማካዩን ይይዛል። 10,000 ጊዜ ካወጣና ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ከሆነ፣ ስሕተቱ ግማሽ በመቶ አካባቢ ይዋዥቃል፤ በ600 ክምር ላይ 3 ቺፕ ማለት ነው። ይህኛው ወደ ላይም ወደ ታችም ስለሆነ በብዙ ዙር ይጣፋል።

ምክሬ፦ ከሁለቱም ፕሮግራሞች የየዙሩን ቁጥር አውጥተህ በዙር መለያ ቁጥር ጎን ለጎን ደርድር። ፖከርትራከር 4ን የመሰሉት መመዝገቢያዎች መረጃቸውን የሚያስቀምጡት ፖስትግሬስኪውኤል በሚባል የመረጃ ቋት ስለሆነ በቀጥታ መጠየቅ ይቻላል። ከዚያ ልዩነቱን ከትልቁ ወደ ትንሹ አሰልፈው። መብራት ድንገት በሚጠፋበት ሰፈር ላሉት ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ ግማሹ የተጻፈ ፋይል እንደገና ሲገባ ዙሮች ሁለት ጊዜ ሊመዘገቡ ይችላሉ። እኔ ላይ ደርሷል።

የለገጣፎ አመሻሽ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:50)

ሁለት ምሽት ፈጀብኝ፤ ግን ታረቀ። ሁሉን አስገብተን ካርታ የታየባቸው ዙሮች 212 ናቸው። ሌሎቹ ላይ ሁለቱ ፕሮግራሞች ልዩነት የላቸውም፤ ሊኖራቸውም አይችልም።

የተቆራጩ ብቻውን 2,099 ነው። በአማካይ በዙር 18 ቺፕ ተቆርጧል፣ የእኔ አማካይ ድርሻ ደግሞ 55 በመቶ ነበር፤ 212 በ18 በ0.55 ብታባዙት እዚያው ይደርሳል። ይህን ሳይ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ከመስከረም ጀምሮ ዕድሌ ነው ብዬ ስቆጭበት ከነበረው 3,102 ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ማንም ሊያሸንፈው የማይችለው የቤቱ ድርሻ ነበር።

የጎን ክምር ያለባቸው አራት ዙሮች 71 ቺፕ ይለያያሉ። እዚህ ትክክለኛው አንደኛው ነው፤ ሁለተኛው ጨፍልቆ ነው የሚያባዛው። ስለዚህ ሁለቱም የየራሳቸው ጥፋት አለባቸው። ታይተው የተጣሉት ካርታዎች በአንዲቷ ዙር ብቻ ናቸው፤ 22 ቺፕ በተቃራኒው አቅጣጫ። የቀረችው 4 ቺፕ በየዙሩ ተበትና ያለች ናት፤ የዘፈቀደው ቆጠራ ይመስለኛል።

2,099 ሲደመር 71፣ ሲቀነስ 22፣ ሲደመር 4፤ 2,152። ጋሼ፣ መዝገቡ ተዘግቷል።

አቃቂ ዳር (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:15)

ደግ ሠራህ ልጄ። እንዲህ ያለ ሥራ ሳይ የድሮው ቢሮዬ ትዝ ይለኛል። ግን አንዲት ነገር አልዋጥልህ አለችኝ። ያ ሰው ልቦቹን ያሳየው ካርታውን ሲጥል ነው። አንተ 260ውን የወሰንከው ሳታያቸው ከሆነ፣ ውሳኔህ በ44 ካርታ የተወሰነ ነው። እንዴት በ42 ይመዘናል? ዳኛ በኋላ በመጣ ማስረጃ ቀድሞ የተሠራን ሥራ አይመዝንም።

መምህርት ከሰበታ (ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:40)

ጋሼ፣ ጥያቄዎ ትክክል ነው፤ መልሱ ግን ምን እየለካን እንደሆነ ይወሰናል። ውሳኔን የምንመዝን ከሆነ እርስዎ እንዳሉት 44 ነው፤ እንዲያውም የተጋጣሚውን ካርታም ስላላየ፣ ሊይዝ ይችላል ተብሎ በሚገመተው ካርታ ሁሉ ነው መመዘን ያለበት። ይህ መስመር ግን ውሳኔን አይመዝንም። ከሒሳቡ የሚያስወግደው የመጨረሻውን ካርታ ዕጣ ብቻ ነው። ለዚያ የታወቀው ሁሉ ቢገባበት ይመረጣል፤ በብዙ ዙር አማካዩ ያው ነው፣ መዋዠቁ ግን ይቀንሳል።

አሁን የለገጣፎውን ወንድማችንን ስለቀረው 950 ላናግረው፤ 2,260 ሲቀነስ 1,310 ማለቴ ነው። ይህ ተቆራጩ ከወጣ በኋላ የቀረው እውነተኛ የዕድል ልዩነት ነው፤ የጎን ክምሩ 71 ቢታረምም ከ1,021 አያልፍም። ብዙ ነው? በአማካይ 400 የሚሆን ክምር፣ 55 በመቶ ድርሻ ካለዎት፣ የአንድ ዙር መዋዠቅ ወደ 200 ቺፕ ነው። 212 ዙር ሲሆን በ212 ካሬ ሥር፣ በ14.6 ገደማ ይባዛል። 2,900 ይሆናል። እርስዎ ላይ የደረሰው የዚያ ሲሶ ነው። ምንም የተለየ ነገር አልደረሰብዎትም።

የሚጠበቀው መስመር የማያየውንም እንወቅ። እርስዎ ሁለት አስ፣ ሌላው ሁለት ንጉሥ ይዛችሁ 1,000፣ 1,000 ብታስገቡ፣ ባለ አሱ ድርሻው 82 በመቶ ገደማ ስለሆነ መስመሩ ከ600 ቺፕ በላይ ይጽፍለታል። ግን ሁለት አስ የሚደርሰው ከ221 ዙር አንዴ ነው፤ ደርሶት ሳለ አንድ የተወሰነ ተጋጣሚ ሁለት ንጉሥ የሚይዘው ደግሞ ከ204 አንዴ። በትክክለኛው ወገን መቀመጥ ራሱ ታላቅ ዕድል ነው፤ መስመሩ ግን እንደ ችሎታ ይቆጥርለታል። አምስተኛው ካርታ ከተገለጠ በኋላ ስለገባ ቺፕም መስመሩ ምንም አይልም።

ቡራዩ 03 (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:10)

ከርዕሱ ብዙም ካልራቀ፦ እኛ የምንጫወተው ውድድር ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ሽልማት አላቸው። ለእኛም ይሠራል?

ኮዬ ፈጬ ብሎክ 12 (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:55)

በቺፕ ከተለካ ያሳስታል። ሽልማቱ 50፣ 30፣ 20 ቢሆንና ሦስታችሁ እኩል ቺፕ ብትይዙ የእያንዳንዳችሁ ዋጋ 33.33 ነው። ሁሉን አስገብተህ ካሸነፍክ ሁለት ሦስተኛውን ቺፕ ትይዛለህ፤ ዋጋህ ግን 43.33 ብቻ ይሆናል። ከተሸነፍክ 20 ይዘህ ትወጣለህ። ለማግኘት 10፣ ለማጣት 13.33። ስለዚህ ሁሉን ለማስገባት የሚያስፈልግህ 50 በመቶ ሳይሆን ከ57 በመቶ በላይ ነው። ፕሮግራምህ በቺፕ ወይስ በሽልማት ዋጋ እንደሚያሰላ ማስተካከያው ውስጥ ተመልከት።

ሱሉልታ ነፋስ (ዓርብ፣ ከምሽቱ 5:25)

የአንድ ዓመቱን መዝገቤን ከፈትኩት። ሁሉን ያስገባሁባቸው ዙሮች 340 ናቸው። ፕሮግራሜ የሚያሰላው ተቆራጩ ባልወጣለት ክምር ነው። የተነጠቅኩት መስሎኝ የነበረው 4,100 ቺፕ ነው፤ ከእሱ ውስጥ 3,670ው ተቆራጭ ነው። የቀረው 430። መምህርት ባሳዩት መንገድ አሰላሁት፤ በ340 ዙር የሚጠበቀው መዋዠቅ ከ3,600 በላይ ነው።

ጓደኛዬ ምንም አልነካም ነበር። ሰባት ወር ሙሉ ገበያ ላይ ስንገናኝ መንገድ እየቀየርኩ አልፌዋለሁ። ዛሬ ማታ ሁለት ጊዜ ደወልኩለት፤ አላነሣም። ሠንጠረዡን አትሜዋለሁ፤ ነገ ጠዋት ይዤለት ቤቱ እሄዳለሁ።